ሸማኔ ያደረገን ማን ነው? ሕግ፣ ባቡርና በሽታ በማኅበራዊ ታሪካችን ላይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቅርቡ አንድ ዐርብ ቀን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጫማዬን ሳደርግ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ተጠጋኝና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። «ጠይቅ ልጄ» አልኩት። በክፍል ውስጥ ስለ ሕዝቦች አኗኗር ሲወያዩ አንድ ጓደኛው «ሙስሊም ድሮም ንግድና ሽመና እንጂ እርሻ አይወድም፣ ሃይማኖቱ ነው» ብሎ ተናገረ። ልጁም የአባቱን ሱቅና የአያቱን የሸማኔ ጉድጓድ አስታውሶ መልስ አጣና ዝም አለ። «እውነት ሃይማኖታችን ነው እንዴ?» ሲል ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረትም ነበር።

እኔም የሸማኔ የልጅ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ድርና ማግ ሲገናኙ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ እያየሁ ነው። የሚያሳፍር ነገር ግን አላየሁበትም። በዚያን ዕለት ለልጁ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበርና አላረካኝም። ስለዚህ የቀረውን በዚህ ጽሑፍ ላቀርብ ወደድሁ። የአንድ አገር ሕዝብ ኑሮ የሚቀረጸው በነገሥታት ጦርነት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ታሪክ ጸሐፊው በጥቂት መስመር የሚያልፋቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም በወረቀት የተጻፈ ሕግ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያና ሳይታይ የሚገባ በሽታ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚኖርና ከማን ጋር እንደሚጎራበት ይወስናሉ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞችም የእነዚህ የሦስቱ አሻራ ያረፈብን ነን።

መጀመሪያ ስለ ሃይማኖቱ

ከሁሉ በፊት የልጁን ጥያቄ በቀጥታ እንመልስ። እስልምና እርሻን አይንቅም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ የተቀበሏቸው አንሷሮች የቴምር ገበሬዎች ነበሩ። ከመካ የመጡት ሙሃጅሮች ደግሞ በአብዛኛው ነጋዴዎች ነበሩ። አላህ (ሱ.ወ.) ሁለቱንም አመስግኗቸዋል። ሙስሊም ዛፍ ተክሎ ወይም እህል ዘርቶ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለትም በሐዲስ ተነግሯል።

ወደ አገራችን ስንመለስም ማስረጃው በዓይን የሚታይ ነው። የጅማው ሙስሊም ቡና ይተክላል። የሐረርጌው ማሽላ፣ ቡናና ጫት ያመርታል። የአርሲው ስንዴና ገብስ ያርሳል። የወሎው በሬ ጠምዶ ጤፍ ይዘራል። ታዲያ ሃይማኖቱ አንድ ሆኖ ሳለ በጎንደርና በሌሎች የሰሜን ከተሞች የነበረው ሙስሊም ለምን ከሸማና ከሚዛን ጋር ብቻ ተቆራኘ? መልሱ ከሃይማኖቱ ሳይሆን ከሕጉ ዘንድ ይገኛል።

ሕግ ሲለይ

እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ውሳኔው ቤተ እስራኤሎችንም የሚመለከት ነበር። ከዚያ በኋላ የጎንደር ሙስሊሞች መኖሪያ ከከተማው ዝቅ ብሎ በቀሃ ወንዝ አካባቢ ያለው አዲስ ዓለም ሆነ።

ከመኖሪያው መለየት የበለጠ ሥር የሰደደው ግን የመሬቱ ነገር ነበር። በሰሜኑ ክርስቲያናዊ ግዛት የርስት ባለቤትነት ለሙስሊሙ በልማድም በሕግም የተዘጋ በር ነበር። ሰው በገዛ ስሙ መሬት ከሌለው ወይ የሌላውን መሬት በእኩል ወይም በሢሶ ያርሳል፣ ወይ ደግሞ መሬት የማይፈልግ ሥራ ይይዛል። ሽመና የሚፈልገው ጉድጓድና ጥጥ ነው። ንግድ የሚፈልገው በቅሎ፣ አህያና መታመን ነው። የቀይ ባሕር ወደቦች በሙስሊሞች እጅ ስለነበሩም ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን የሚጋራው የጀበርቲ ነጋዴ ወደዚያ ለመውረድ ይቀለው ነበር። ቤተ መንግሥቱም ይህን ያውቅ ስለነበር ነጋዴውን ይጠቀምበት ነበር። እንግዲህ «ሙስሊም ንግድ ይወዳል» የሚባለው አነጋገር መንስኤውን ትቶ ውጤቱን የያዘ ነው። እግሩ የታሰረን ሰው አይቶ «ይህ ሰው መቀመጥ ይወዳል» እንደማለት ነው።

«ሰማይ አምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚለው አባባል የተወለደውም ከዚሁ ነው። አባባሉ መጀመሪያ የነበረውን የመሬት ሥርዓት የሚገልጽ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የሰው ተፈጥሮ መግለጫ ተደርጎ ተወሰደ። ሕግ ያመጣው ነገር ዘመን ሲያልፍበት ባሕርይ ይመስላል፤ የሕግ ትልቁ ኃይልም ይህ ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ምሳሌ በ1870 ዓ.ም በወሎ ቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ምኒልክ ባሉበት የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። የየጁና የወሎ መኳንንት ብዙዎቹ ተጠመቁ፤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊም ሚካኤል ተባሉ። ሕዝቡ ግን ተከፈለ። አንዳንዱ ቀን በአዋጁ፣ ሌሊት በሶላቱ ኖረ። አንዳንዱ እንደ ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉትን ዑለማ ተከትሎ ተቃወመ። ሌላው ኪታቡን ጭኖ ተሰደደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የተሰደዱት የወሎ ሼኾችና ደረሶች በሄዱበት አገር ቁርአን ማስቀራት ጀመሩ። በጅማ፣ በአርሲና በጉራጌ አካባቢ ለእስልምና ትምህርት መጠናከር ከእነርሱ የደረሰው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም። እስልምናን ለማጥፋት የወጣ አዋጅ እስልምናን ይዘው የሚጓዙ መምህራንን በተነ። ሱብሐነላህ! አዋጅ አውጪ አዋጁ የት እንደሚደርስ አያውቅም።

ክፉ ቀን

አሁን ወደ በሽታው እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ የኢጣሊያ ጦር በምጽዋ በኩል ለራሱ ስንቅና ጭነት ካስገባቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ያለው ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ «ክፉ ቀን» ይባላል። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናው እንዳለቀ ይገመታል። በሽታው ሰውን አይነካም፤ ነገር ግን በሬ ከሞተ ማረሻ ይቆማል። ድርቁ፣ አንበጣው፣ አይጡ ተጨመሩ። ከረኀቡ በኋላ ፈንጣጣና ኮሌራ ተከተሉ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን እንደሞከሩ ተጽፏል።

ክፉ ቀን ሁሉንም እኩል አልመታም። በሬ የሌለው ገበሬ ለአንድ ዓመት ሥሩንም ቅጠሉንም እየለቀመ ሊቆይ ይችላል። ከብት ብቻ የሚያረባው የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቦረናና የባሌ ቆላ አርብቶ አደር ግን ከብቱ ሲሞት ወተቱ፣ ሥጋው፣ ጥሎሹና ክብሩ አብረው ሞቱ። ከእነዚህም አብዛኛው ሙስሊም ወይም በኋላ የሰለመ ሕዝብ ነበር። በዚያው ዓመታት የሸዋ ጦር ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ይስፋፋ ነበር። ሐረር በ1879 ዓ.ም ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ተይዛለች። በመካከለኛው አገር የተራበው ወታደር ቀለብ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሲወርድ ያገኘው በበሽታና በረኀብ የደከመ ሕዝብ ነው። ከዚያ በኋላ የተተከለው የገባር ሥርዓት ለብዙ ዓመታት ቆየ።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱ። በመርከብ የመጣ ከብት በሽታ አመጣ። በሽታው በሬውን ገደለ። የበሬው ሞት ረኀብን ወለደ። ረኀቡ ወታደሩን አንቀሳቀሰ፣ የአርብቶ አደሩንም ክንድ አዛለ። በመጨረሻ በዚህ ሁሉ ላይ የመሬት ሥርዓት ተተከለ። የልጅ ልጅ «አያቴ ለምን ገባር ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ከመልሱ አንዱ ክፍል በዓይን የማትታይ ተሕዋስ ናት። ይህችው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽማ መጥፋቷ ታውጇል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ውጤቷ ግን ከእርሷ በላይ ኖሯል።

ባቡሩ የመረጠው መንገድ

ሦስተኛው ነገር መሣሪያ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተነሣ። ሐዲዱ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ናት። ዳገቱ ወጪውን ስላበዛው መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በቆላው በኩል አሳለፉት። በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ቦታውም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር።

ይህ የመሐንዲስ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የእስልምና የትምህርትና የንግድ ማዕከል የሆነችውን ሐረርን ከገበያው ዳር አወጣት። ግመልና በቅሎ ይቀያየሩባት የነበረችው ጀልዴሳ ተረሳች። የጥንቷ ወደብ ዘይላዕ ጭነቷን ለጂቡቲ አስረከበች። ግመል እያከራየ፣ መንገድ እየመራ ይኖር የነበረው የሶማሌና የአፋር ሰው መተዳደሪያው ተነካ። በሌላ በኩል ድሬዳዋ ከባዶ ሜዳ ተነሥታ ከተማ ሆነች። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ማዶ ከዚራና መጋላ ተሠሩ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ የመን ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ተገናኙ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ በሲራራ ነጋዴ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ የነበረው የባሕር መንገድ በድሬዳዋና በአዋሽ እያደሩ የሦስት ቀን ጉዞ ሆነ።

ለሙስሊሙ ነጋዴ ይህ ሁለት ፊት ያለው ነገር ነበር። የቅፍለት ጌታ የነበረው ከሰረ። ጨውና አሞሌ ይዞ ተራራ ለተራራ የሚዞረው ሲራራ ነጋዴ ልጁ ሱቅ ከፈተ። በየጣቢያው የሚቆም ባቡር በየጣቢያው ሱቅ፣ በየሱቁም አጠገብ ትንሽ መስጊድ ፈጠረ። የከተማው ሙስሊም የምንለው ኅብረተሰብ ግማሹ የተወለደው ከዚህ ሐዲድ ነው።

በሽታና ጉዞ፣ እምነትና ጥንቃቄ

መንገድ የሚያሳጥረው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለበሽታም ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም፣ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ በከተማዋ ላይ ወደቀ። «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ፣ የዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ሆኖ ቆይቷል።

ከዚያም ቀደም ብሎ የሐጅ መንገድ ይህንኑ ተምሮ ነበር። እንፋሎት መርከብ ሐጃጁን ከሩቅ አገር በጥቂት ቀናት ማድረስ ሲጀምር ኮሌራም አብሮት ተሳፈረ። እ.ኤ.አ. በ1865 በመካ በተነሣው ኮሌራ ብዙ ሺህ ሐጃጆች ሞቱ። በማግስቱ ዓመት መንግሥታት በኢስታንቡል ተሰብስበው መከሩ። ስዊዝ ካናል በ1869 ሲከፈት ጭንቀቱ ጨመረ። በ1882 ኦቶማኖች በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ላይ ሐጃጅ የሚቆይበት የኳራንቲን ጣቢያ አቋቋሙ። ሐጅ ከዚያ ወዲህ የሼኽ ፈቃድና የስንቅ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የሐኪም ወረቀት፣ የክፍያና የፓስፖርት ጉዳይም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ክትባቱ ለሐጃጅ ሁሉ ግዴታ ሆኗል።

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ «የፈረንጅ ሕግ» ወይም በአላህ ላይ ያለመመካት አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ። ታሪካችንን ባለማወቅ ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ በሻም ወረርሽኝ እንደገባ ሰሙ። ሙሃጅሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን፣ ቀጥሎ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ። ለመመለስም ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው ዑመር ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን አስረዷቸው። ከዚያ ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካሉበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ የሚያዝዘውን ሐዲስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናገሩ። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ቢን ጀበል (ረ.ዐ.) በዚያው የዐምዋስ ወረርሽኝ አረፉ። ከካማራን ጣቢያ ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ደንቡ በእጃችን ነበር።

እኔ ራሴ ይህ ሐዲስ ከኪታብ ወጥቶ ወደ ቤቴ ሲገባ ያየሁት በ2012 ዓ.ም ነው። በመጋቢት ወር ኮሮና አገራችን መግባቱ ታወቀ፤ በየመስጊዱ የጀመዓ ሶላት ተቋረጠ። የዚያን ዓመት ረመዳን ተራዊሕን በሳሎኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼን ከኋላዬ አሰልፌ ሰገድሁ። በዕድሜዬ ኢማም ሆኜ አላውቅም ነበር። አጫጭር ሱራዎቼ አለቁብኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የዚያ ዓመት ሐጅም በሳዑዲ ውስጥ ለሚገኙ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ሆነ፤ ለዓመታት ሲያጠራቅሙ የነበሩ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ተራቸውን ሲጠብቁ ሞቱ። አላህ ኒያቸውን ይቀበላቸው።

ሕግ ሲያቃና

እስከ አሁን ሕግን በከፋ ጎኑ አየነው። ግን የሚለይ ሕግ እንዳለ ሁሉ የሚያቃናም አለ። በ1934 ዓ.ም ቀጥሎም በ1936 ዓ.ም የወጡት የቃዲዎችና የናኢባ ጉባኤ አዋጆች የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻን፣ የፍቺን፣ የሞግዚትነትን፣ የውርስንና የወቅፍን ጉዳይ እንዲያዩ ፈቀዱ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሙስሊሙ የቤተሰብ ሕግ የተለየ ስፍራ አልሰጠውም። ፍርድ ቤቶቹ በሥራ ላይ ቢቆዩም እግራቸው የቆመው በማይጸና መሬት ላይ ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ተሰለፉ። ጥያቄው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ የሚል ነበር። በ1967 ዓ.ም ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬት ለማረስ ሃይማኖት የማይጠየቅበትን ዘመን ከፈተ። ደርግ በሃይማኖት ላይ ያደረሰውን በደል አልዘነጋሁም። ነገር ግን የጎንደሩ ሸማኔ ልጅ በስሙ መሬት ማግኘት የቻለው በዚያ አዋጅ መሆኑን መካድ አይገባም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጠ። አዋጅ ቁጥር 188/1992 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናከረ። ኮሮና መስጊዶቻችንን በዘጋበት በ2012 ዓ.ም ደግሞ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በሽታው በር ሲዘጋ ሕጉ በር ከፈተ።

እዚህ ላይ ግን ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። መንግሥት ርስት ነፈገን ብለን ስናማርር የኖርን ሰዎች በራሳችን ቤት ሴት ልጆቻችንን ስንት ጊዜ ነፍገናል? ቁርአን ለሴት ልጅ የደነገገላትን ድርሻ በየጎሳው ልማድ ስም የምንበላ አለን። አንዲት እህት የአባቷን ቤት ድርሻ ለመጠየቅ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ስትሄድ «ወንድሞቿን ከሰሰች» ብለን ስሟን እናጠፋለን። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሰጠን ብለው አባቶቻችን የታገሉት ሸሪዓው ለእኛ በሚመቸው ጊዜ ብቻ እንዲሠራ አልነበረም። ሰው የተበደለበትን ሚዛን ይዞ ሌላውን ከበደለ ታሪኩ ምን አስተማረው?

ማተሚያ፣ ካሴትና ስልክ

ስለ መሣሪያ አንድ ነገር ልጨምር። ለብዙ ዘመን እውቀታችን የተላለፈው በእጅ በተጻፈ ኪታብና ደረሳው እግር ሥር በተቀመጠለት ሼኽ ነው። በወሎ እንደ ጌታ፣ ዳናና ጀማ ንጉስ ያሉት ማዕከላት ከየአገሩ ደረሳ ይስቡ ነበር። ዑለማዎቻችን በአማርኛ ግጥም ሲገጥሙ እንኳ በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ይጽፉ ነበር። ቅዱስ ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም ነው። ያን ጊዜ ዐረብኛ የማያውቅ ገበሬና እናት የጌታቸውን ቃል ትርጉም በሚያውቁት ቋንቋ አገኙ። በጥቅምት 1985 ዓ.ም የፕሬስ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ እንደዚህ ያሉ ጋዜጦችና መጽሔቶች ተፈጠሩ። የመንዙማና የዳዕዋ ካሴት በየሱቁ ተሸጠ። ዛሬ ሁሉም በስልክ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

ነገር ግን መሣሪያ የሚያመጣው በረከት እንዳለ የሚወስደውም አለ። ባቡሩ ድሬዳዋን ሲሠራ ጀልዴሳን አስረስቷል። ስልኩም ሁሉን ሼኽ አድርጎ እውነተኛውን ሼኽ እንዳያስረሳን እፈራለሁ። በየገጠሩ በቆዳ ተሸፍነው የሚገኙት የእጅ ጽሑፎቻችን በእርጥበትና በምስጥ እያለቁ ነው፤ አንዳንዱም በጥቂት ብር ለውጭ ሰው ይሸጣል። ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ ቢያንስ አንዱን ኪታብ በፎቶ አንስቶ ቢያስቀምጥ መሣሪያውን በትክክለኛ ቦታው አዋለው ማለት ነው።

ለልጁ የቀረ መልስ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ የአንድ ሕዝብ ሙያ፣ ሰፈርና ድህነት የሃይማኖቱ ወይም የደሙ ባሕርይ አይደለም። ሕግ፣ መሣሪያና በሽታ በየዘመኑ ያመጡት ውጤት ነው፤ የመጣ ነገር ደግሞ ሊለወጥ ይችላል። ይህ ለእኛ ብቻ አይሠራም። እኛም ስለ ሌላው ብሔረሰብና ሃይማኖት «እነርሱ እኮ ተፈጥሯቸው ነው» ከማለት መታቀብ አለብን። ሁለተኛ፣ ሕግን ከሩቅ ሆኖ መፍራትም ማማረርም አይበቃም። የጋብቻ ውላችንን በጽሑፍ ማስፈር፣ የመስጊድና የመቃብር መሬት በስሙ ማስመዝገብ፣ ወቅፍን በሰነድ ማጽናት የኡማው ግዴታ ነው። አባቶቻችን መሬት ያጡት በሰይፍ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ነበር። ሦስተኛ፣ ጤና አማና ነው። ፈንጣጣ በአገራችን በ1963 ዓ.ም በተጀመረ ዘመቻ በ1968 ዓ.ም የጠፋችው ክትባት የያዙ ሰዎች ተራራ ለተራራ፣ በረሃ ለበረሃ ስለዞሩ ነው። ልጁን ከክትባት የሚደብቅ ወላጅ የዑመርን (ረ.ዐ.) ሱና ይዟል ማለት አይቻልም።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ታሪካችንን እንሰብስብ። ክፉ ቀንን ከአያቶቻቸው የሰሙ፣ ሚያዝያ 12ን በእግራቸው የሄዱ ሽማግሌዎች እያለቁብን ነው። ያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መልስ ያጣው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ልጁን ሳገኘው ይህን እነግረዋለሁ። «ልጄ፣ አያትህ ሸማኔ የሆነው አላህ መሬትን ስለከለከለው አይደለም። ሰዎች ስለከለከሉት ነው። እርሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በተተወለት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የከለከሉትን ሰዎች ሳይቀር አለበሰ። በዚህ የሚያፍር አንተ አይደለህም።» ስለ ሰማይና ስለ አምዱ የሚነገረውን አባባልም ከሰማ፣ ሰማይ ያለ አምድ የቆመው በአላህ ችሎታ መሆኑን ቁርአናችን እንደሚነግረን ያስታውስ። አምድ የሌለው ሰማይ እስከ ዛሬ አልወደቀም፤ እኛም በአገራችን አለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ከታሪኩ የሚማር፣ ለተበደለው የሚቆም፣ ለጎረቤቱ የሚጠቅም ኡማ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።